የአባቴ ሁለት ስዕሎች፦ ኦሪጅናሉ የትኛው ነው?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። አባታችን ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ስዕል ትቶልናል። አንደኛው መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ ያለ የአንዲት ሴት ምስል ነው፤ ወረቀቱ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ክፍተት አለው፣ ከሥሩም የአፈወርቅ ተክሌ ፊርማ አለበት። ሁለተኛው በጨርቅ ላይ የተሳለ የዓድዋ ጦርነት ነው። ፊርማ የለውም፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ጥግ በጭስ ጠቁሯል። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ አባባ ሰው አዞ ያሳለው ነው ትላለች። ከአዲስ አበባ የመጣ የአጎቴ ልጅ ግን የመጀመሪያው ሚሊዮን ያወጣል፣ ጨርቁ የቱሪስት ዕቃ ነው አለን። ከዚያ ወዲህ እኔና ወንድሜ ሰላም የለንም፤ እሱ ይሸጥ ይላል። አንድ ሰውዬ ደግሞ ጨርቁን በአምስት ሺህ ብር ልውሰደው እያለ ቤት ድረስ ይመላለሳል። ፎቷቸውን ልኬልዎታለሁ። ኦሪጅናል ስዕል ከቅጂ የሚለየው በምንድን ነው? ጨርቁንስ በሎሚ ባጥበው ጭሱ ይለቃል?»

ከፒያሳ፣ ደሴ

አብሽሪ እህቴ። አባታችሁን ነፍሳቸውን ይማር።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ሎሚውን አስቀምጪው። በጨርቅ ላይ የሚሳል የአገራችን ስዕል ብዙ ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አቡጀዲ ይወጠራል፣ ሙጫ ወይም ነጭ ቀለም ይጠጣል፣ ሲደርቅ ስዕሉ ከላዩ ይሳላል። ውሃ ሲነካው ሥር ያለው ሙጫ ይላላል፣ ጨርቁም ይኮማተራል። ቀለሙ ግን አብሮት አይኮማተርም፤ ይረግፋል። ያንቺው ደግሞ ቀድሞውኑ ተሰነጣጥቋል። ሎሚው በስንጥቁ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ጭሱን ለማስለቀቅ ብለሽ ቀለሙን ታስለቅቂያለሽ። ሽንኩርትም፣ የዳቦ ፍርፋሪም፣ ቤንዚንም ያው ነው። ሰው ሁሉ የሚመክረው ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምነግርሽ። በእነዚህ የተጎዳ ስዕል ብዙ አይቻለሁ።

እኔ ደሴ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ፍሬም ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰዓሊ አይደለሁም። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት የስዕል ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም አይቻለሁ፤ የማውቀውንም አብዛኛውን ያወቅኩት ከጀርባው ነው። የላክሽውን ፎቶ አይቼ «ይሄ ኦሪጅናል ነው፣ ያ አይደለም» ብልሽ ግን እዋሻለሁ። በስልክ ፎቶ ማንም ሊፈርድ አይችልም። እንዴት እንደምታዪው ልንገርሽና አንቺው እዪው። ብትችዪ ወንድምሽንም አስቀምጪው፣ አብራችሁ እዩ።

ፍሬም ካለው እንጀምር። ቀን፣ ብርሃን ባለበት ሰዓት አውርጂው። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፊና ፊቱን ወደ ታች አድርገሽ አስተኚው። ከኋላ ያለውን ካርቶን ቀስ ብለሽ ክፈቺ። ወረቀቱ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ካገኘሽው እዚያው ላይ አቁሚ። ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበት ይገባና ያጣብቀዋል። ብትላጪው ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከተጣበቀ በመስታወቱ በኩል ማየትም ይበቃሻል።

አሁን አጉሊ መነጽር ያስፈልግሻል። የሰዓት ጠጋኝ ጋ አይጠፋም። እሱም ካልተገኘ የስልክሽ ካሜራ በጣም አቅርቦ ካነሳ ይሠራል። መጀመሪያ የብስኩት ካርቶን ወይም የግድግዳ ካሌንደር ላይ ሞክሪው። አንድ ወጥ ቀለም የመሰለሽ ነገር በጥቃቅን ነጠብጣብ ተከፋፍሎ ታገኚዋለሽ፦ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ነጠብጣቦቹ እንደ ትንንሽ አበባ ክብ ሠርተው በሥርዓት ይደረደራሉ። የማተሚያ ቤት ማሽን ቀለም የሚሠራው እንዲህ ነው። አራቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥና ዓይንሽ ራሱ ይደባልቃቸዋል። ዓይንሽ ይህን ከለመደ በኋላ ወደ ሴትየዋ ሂጂ። ጉንጯን እዪ። ጸጉሯንም እዪ፣ ጥቁር ውስጥ ሰማያዊና ቢጫ ነጥብ ታገኚ እንደሆነ። እነዚያ ነጠብጣቦች ካሉ ነገሩ አልቋል፣ ህትመት ነው።

በእጅ የተሳለ ስዕል ሲጎላ ሌላ ነገር ነው። ቀለም በቀለም ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። የብሩሽ ጸጉር የጫረው መስመር ይታያል። ሁለት ቀለም በሚገናኝበት ቦታ አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ይወጣል፣ ወይም በመሀል ሥር ያለው ጨርቅ ብቅ ይላል።

ፊርማው ላይ አትቸኩዪ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊርማ ነው፣ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ስዕል ሲታተም ፊርማው አብሮ ይታተማል። ፊርማውንም በአጉሊ መነጽር እዪው። በነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ እጅ አልፈረመውም፣ ማሽን ነው።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወልደው በ2004 ዓ.ም. ያረፉ ታላቅ ሰዓሊ ናቸው። አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለቀለም መስታወት የእሳቸው ሥራ ነው። ስማቸው እንዲህ ገናና ስለሆነ ሥራዎቻቸው ብዙ ጊዜ ታትመዋል፣ በየሳሎኑም ተሰቅለዋል። አንቺ በጻፍሽው መሠረት ያንቺው በወረቀት ላይ ያለ፣ እንደ መስታወት ለስላሳ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ ክፍተት ያለው ነው። ግምቴን ከጠየቅሽኝ ህትመት ነው። የአጎትሽ ልጅ በክፋት የተናገረው አይመስለኝም። ስሙን አንብቦ ነው። ህትመት ሆነ ማለት ግን አውርዳችሁ ትጥሉታላችሁ ማለት አይደለም። አባትሽ ወደውት ነው የሰቀሉት። ሚሊዮን አያወጣም፣ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ህትመት ሁሉ የፋብሪካ አይደለም። ሰዓሊው ራሱ እንጨት ፈልፍሎ ወይም ብረት ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ወረቀት ላይ ተጭኖ የሚያወጣው ህትመት አለ። ያ ኦሪጅናል ሥራ ነው። ከሥሩ በእርሳስ ፊርማና እንደ 7/30 ያለ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ከ30 ቅጂ 7ኛው ማለት ነው። በብረት የታተመ ከሆነ ደግሞ በምስሉ ዙሪያ ወረቀቱ ወደ ውስጥ የተጫነ መስመር ይኖረዋል፣ በጣትሽ ይሰማሻል። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ከሐይቅ እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት ይዘውልኝ መጡ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸው ነበር። ለያዝኩት ፍሬም ስላልበቃ ነጩን ጠርዝ በምላጭ ቆርጬ ጣልኩት። ቁጥሩም ፊርማውም የነበረው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ምን እንደቆረጥኩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። እኚያ እናት እስኪያርፉ ድረስ አላወቁም፣ እኔም ደፍሬ አልነገርኳቸውም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ስለዚህ ነጭ ጠርዝ ያለው ወረቀት ካለሽ ማንም ፍሬም ሠሪ እንዳይቆርጠው። ፍሬሙ ነው ለወረቀቱ የሚሠራው።

አሁን ወደ ጨርቁ። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የሄደው ወደዚህኛው ነው።

ማታ ክፍሉን አጨልሚ። የስልክሽን ባትሪ አብሪና ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲሄድ አድርጊው። ብርሃኑ እንዲህ ተኝቶ ሲያልፍ ስዕሉ እንደ ወሎ ተራራ ገደልና ጉብታ ያወጣል። ቀለም የወፈረበት፣ ብሩሽ የቆመበት፣ ሰዓሊው መልሶ የቀባበት ቦታ ሁሉ ጥላ ይጥላል። የታተመ ጨርቅ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር የጨርቁን ሽመና ብቻ ነው የምታዪው።

አንድ ማታለያ አለ፣ እሱንም እወቂ። ሸራ ላይ በኮምፒዩተር ማተሚያ ካተሙ በኋላ ወፍራም ግልጽ ነገር በብሩሽ ይቀቡበታል፣ የተሳለ እንዲመስል። እኔንም በዚህ ሸጠውልኛል። ለእህቴ ሰርግ ብዬ የሁለት ወር ገቢዬን ሰጥቼ ገዛሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሬሙን ስቀይር ሸራው በታጠፈበት ጥግ ቀለሙ ተሰንጥቆ ከሥሩ ነጭ ወጣ። መለያው ቀላል ነው። የብሩሹ ጉብታ ከምስሉ ጋር ይሄዳል? የፈረስ ጭራ ወደ ታች ሲወርድ ጉብታውም አብሮ መውረድ አለበት። ጭራው ወደ ታች፣ ጉብታው ወደ ጎን ከሆነ ከላይ የተቀባ ነው። የዚህ ዓይነቱ ህትመት ነጠብጣብ እንደ ካሌንደሩ በሥርዓት የተደረደረ አይደለም። እንደ ተነፋ ዱቄት የተበተነ ነው፣ በጣም ጠጋ ብለሽ ካላየሽ ያመልጥሻል።

ከዚያ ጀርባውን አዙሪው። በእጅ የተሳለ ጨርቅ ጀርባው አያምርም። ቀለም ሰርጎ የወጣበት አለ፣ ሙጫ የፈሰሰበት አለ፣ አንዳንዴ ሰዓሊው ቀለም የሞከረበት ጥግ ይገኛል። ጠርዙም እኩል አይደለም፤ አንድ ቦታ ቀለሙ አልፎ ይሄዳል፣ ሌላ ቦታ ሳይደርስ ይቀራል። ከተወጠረበት ጣውላ ጋር የያዘው ሚስማር ዝጎ ጨርቁን ቡናማ አድርጎት እንደሆነ እዪ። ቀለሙ በረገፈበት ቦታ ደግሞ የእርሳስ ወይም የከሰል መስመር ፈልጊ። ሰዓሊ መጀመሪያ ይነድፋል። አንዳንዴ ጦሩን ወደ ግራ ነድፎ ወደ ቀኝ ይስለዋል። እንዲህ ያለ የሐሳብ ለውጥ ካገኘሽ ትልቅ ነገር አገኘሽ። የሚገለብጥ ሰው ከፊቱ ያለቀለት ነገር ስላለ ሐሳብ የሚለውጥበት ምክንያት የለውም።

ስለ ጭሱ። አዲስ ስዕልን አሮጌ ለማስመሰል የሚያጨሱ ሰዎች አሉ። ብራናም ያጨሳሉ። ከዚህ የባሰም አለ፤ የእውነት አሮጌ የሆነ የብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ዛሬ የተሳለ ስዕል ጨምረው እንደ ጥንታዊ የሚሸጡ። ሆን ተብሎ የተጨሰ ነገር ግን እኩል ይጠቁራል፣ ፊቱም ጀርባውም እጥፋቱም። ኑሮ ያጠቆረው እኩል አይሆንም። በጣውላው የተሸፈነው ጠርዝ ንጹሕ ይሆናል፣ ለምድጃ ወይም ለኩራዝ የቀረበው ወገን ይብሳል። ያንቺው አንድ ጥግ ብቻ መሆኑ ደስ ያሰኛል። እዚያ ጥግ ሥር ድሮ ምን ይቀመጥ እንደነበር እናትሽን ጠይቂ። ቡና የሚፈላበት ቦታ ቢሆን አይገርመኝም።

ባንክ ወይም ትልቅ ሱቅ ውስጥ ብር የሚፈትሹበት ሰማያዊ መብራት አለ። አዲስ ወረቀት ከሥሩ ሲገባ ብሩህ ሆኖ ያበራል፣ አሮጌ ወረቀት አያበራም። ለወረቀቱ ስዕል ሞክሪው። ለጨርቁ ግን አትመኚው፤ የልብስ ሳሙና የነካው ጨርቅም ያበራል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ጨርቁ በእጅ ተስሎ ሊሆን ይችላል፣ ግን «ኦሪጅናል» ነው? የዓድዋ ስዕል አቀማመጡ የታወቀ ነው። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ፣ ምክንያቱም ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእሱ ዕለት ነው የዋለው። በአንድ ወገን አፄ ምኒልክ ጃንጥላ ተይዞላቸው፣ ከሥር እቴጌ ጣይቱ። የኛ ሰዎች ሙሉ ፊታቸው ይታያል፣ ጠላት በአንድ ዓይኑ ብቻ በጎን ይሳላል። ይህን አቀማመጥ ብዙ ሰዓሊዎች ደጋግመው ስለውታል። ታዲያ ሁሉም ቅጂ ናቸው?

እኔ አይደሉም ነው የምለው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደገ ሰዓሊ ከቀደመው አይቶ መሳል ነውር አልነበረም፣ ትምህርት ነበር። ፊርማ ማስቀመጥም በአብዛኛው ልማዱ አልነበረም። ከሮም የተነሳች አንዲት የማርያም ስዕል በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር በቅጂ መልክ አገራችን ገባች። የኛ ሰዓሊዎች አይተው ሳሏት፣ ልብሷን ዓይኗን የኛ አደረጉት። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የምናያት ማርያም ልጇን እንደታቀፈች ብዙውን ጊዜ የዚያች ዘር ናት።

በእኛው ምድር የሆነውንም ልንገርሽ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሲያልፉ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፋቸው ቅርሶች አንዱ ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው ነው። ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ስዕል። ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር፣ መሐላም ይፈጸምበት ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሆኖ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደውና ለራሱ አስቀረው። እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ላይ ተሸጠ፤ ኋላም ፖርቱጋል ገባ። ያን ስዕል መጀመሪያ የሳለው አውሮፓዊ እጅ ነው። እዚህ የቀሩልን ኢትዮጵያውያን ከእሱ እያዩ የሳሏቸው ናቸው። እነሱን ማን ነው ደፍሮ «ቅጂ ናቸው» ብሎ የሚያቃልላቸው?

ስለዚህ ጨርቅሽን የምትጠይቂው «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ተስሏል ወይ» ብለሽ አይደለም። የሳለው ሰው ተጨንቆበታል ወይ ብለሽ ነው። ዓይኖቹን እዪ። ለገበያ በብዛት የሚሳል ከሆነ አርባው ወታደር አንድ ፊት ነው፣ እጁ ሳያስበው የሳለው። የተጨነቀበት ሰዓሊ ቢያንስ ጥቂቶቹን ይለያቸዋል። አንዱን ሽማግሌ፣ አንዱን ጎረምሳ፣ አንዱን የቆሰለ አድርጎ። ዓይን የሚሠለጥነው በማየት ነው። ላሊበላ ስትሄጂ ቤተ ማርያም ግቢ፣ መንገዱ ከፈቀደልሽም እዚያው አካባቢ ያለችውን ገነተ ማርያምን እዪ። በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሳሉ ግድግዳዎች አሏት። ከዚያ ተመልሰሽ ጨርቅሽን ስታዪው ዓይንሽ ሌላ ዓይን ይሆናል።

ስለ ሰውዬው ብዙ አልልም። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ግን የቱሪስት ዕቃ ከሆነ ለምን ይመላለሳል? ዋጋ አልነግርሽም፤ ስዕሉን በእጄ ሳልይዝ የምናገረው ዋጋ ዋጋ አይደለም። «አሁን አልሸጥም» በይው፣ ምክንያት አትደርድሪለት። ደግሞ ሕጉንም እወቂ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ጨርቁ አሮጌ መስሎ ከታየሽ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አሳዪ። የአንቺነቱ ሳይነካ ስለ ዕድሜው የሚያዩ ሰዎች ሊያገናኙሽ ይችላሉ።

እስከዚያ ድረስ ጨርቁን አትጠቅልዪው፣ አትጠፊውም። ስንጥቁ ይብሳል። ቀለሙ እየረገፈ ካልሆነ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ከላይ ወደ ታች ማራገፍ ትችያለሽ። እየረገፈ ከሆነ ግን አትንኪው። ፀሐይ ከማይመታው፣ ከምድጃም ከራቀ ግድግዳ ላይ ስቀዪው። ከኋላው ፕላስተር እንዳትለጥፊ፣ ሙጫው ጨርቁን ይበላዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ብቻ ያለፍሽው ነገር አለ፦ አክስትሽ «ሰው አዞ ያሳለው ነው» ማለቷ። እህቴ፣ አጉሊ መነጽርም ባትሪም ይህን አይነግሩሽም። አባትሽ አዘው ካሳሉት ሰዓሊው ስም አለው፣ ሰፈር አለው፣ የተከፈለው ብርም አለ። ምናልባት ደረሰኝ ወይም የቆየ ፎቶ ይኖራል፣ ስዕሉ ከኋላ የሚታይበት የልደት ወይም የሰርግ ፎቶ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ውረጂ። ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ። ስዕሉን ቤት ተዪው፣ ፎቶውን ብቻ ያዢ። አክስትሽ ቡናውን ስታፈላ ስልክሽን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገሽ አጠገቧ አስቀምጪና ጠይቂያት፦ ማን ነው የሳለው? መቼ? ቤታችን ድረስ መጥቶ ነው ወይስ ሠርቶ አመጣው? አባባ ለምን ዓድዋን መረጠ?